ሳይሳደቡ መውጋት፦ ድሬና ሐረር ተቀምጠው ለሚጽፉ

ማኅበረሰቡን ለመንቀፍ የተጻፈ ነገር ሲከሽፍ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የጸሐፊው ፍርሃት ነው። እኔ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ችኮላውን ነው የምከስሰው። ጸሐፊው ሥራውን ሁሉ ራሱ ይጨርስና አንባቢው የሚሠራው ያጣል። «ሙስና አገር እያጠፋ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው አልዋሸም፤ ነገር ግን ይህን አንብቦ «ይሄስ እኔን ነው» የሚል ጉቦኛ የለም። እንዲያውም ከሁሉ ቀድሞ ላይክ የሚያደርገው እሱ ነው።

ኅብር፣ ምፀት፣ ግነት፣ ተምሳሌት እያልን በትምህርት ቤት የሸመደድናቸው ዘይቤዎች ለትችት ሲውሉ ጌጥነታቸው ይቀራል። የሁሉም ሥራ የመጨረሻዋን እርምጃ ለአንባቢው መተው ነው። የተተወው ክፍተት ከጠበበ ስብከት ይሆናል፤ ከሰፋ ደግሞ እንቆቅልሽ ሆኖ ማንንም ሳይነካ ያልፋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ክፍተት ስለ መለካት ነው። ምሳሌዎቹን ከድሬ ሰፈሮች ከከዚራና ከመጋላ፣ በግንብ ከታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ከጁገልም የወሰድኩት በአገር ልጅነት ብቻ አይደለም፤ አሽሙር ከሰፈሩ በራቀ ቁጥር ጥርሱ ይረግፋል።

መጀመሪያ ደረቁን ዓረፍተ ነገር

ዘይቤ ከመምረጣችሁ በፊት ቅሬታችሁን ያለ ምንም ጌጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ማን፣ ምን አደረገ፣ ማን ተጎዳ፣ ምን ቀረ፤ አራቱም ይኑሩበት። ለምሳሌ፦ «ስለ ውሃ እጥረት በተጠራ ስብሰባ ላይ ለእንግዶች መጠጥ ሲታደል ይዋላል፣ ንግግሩም ይቀረጻል፤ ሰፈሩ ግን ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ይመለሳል።» ይህ ገና ጽሑፍ አይደለም። ግን ግስ አለው፣ አድራጊ አለው፣ በእጅ የሚያዝ ዕቃም አለው። «ሕዝቡ ተቸገረ፣ ሰሚ አጣ» ከሚለው አልፎ መሄድ ያቃተው ሰው የያዘው ብስጭት ነው፤ ብስጭትን ደግሞ የትኛውም ዘይቤ አያድነውም።

ዒላማውንም እዚሁ ላይ ወስኑ። ሰውየውን ከመታችሁ የሚስቁት ጠላቶቹ ብቻ ናቸው፤ ድርጊቱን ከመታችሁ ግን ያንን ድርጊት የሚፈጽም ሁሉ ይደነግጣል፣ አንባቢውም ጭምር።

ኅብር፦ አንድ ቃል፣ ሦስት ነገር

በተለምዶ ሁሉንም «ሰምና ወርቅ» ብለን እንጠራዋለን እንጂ በቅኔ ቤት መልኩ ብዙ ነው። ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን ቆመው የሚሄዱበት አለ። አንድ ቃል መንታ ፍቺ ተሸክሞ የሚገባበት ኅብር አለ። መንታ ቃል ሳይኖር ነገሩ በጠቅላላው ወደ ሌላ የሚያመለክትበት ውስጠ ወይራም አለ። በአማርኛ ለሚጻፍ ማኅበራዊ ትችት ኅብርን የሚያህል ምቹ የለም፤ ጸሐፊው «እኔ የጻፍኩት ስለ ግብዣ ነው» ብሎ ፊቱን ሳይለውጥ መቆም ይችላላ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከደረቁ ዓረፍተ ነገር ግሶቹን ለቅማችሁ አውጡ፦ ታደለ፣ ተቀረጸ፣ ተመለሰ። ከዚያ በየአንዳንዱ ቦታ ሌላ ግስ ሞክሩ። «ታደለ» በሚለው ፋንታ ምን ይባላል? መጠጥ ይቀዳል። «ተቀረጸ» በሚለውስ? ንግግርም በካሜራ ይቀዳል። የጀሪካኑ ውሃስ? እሱም ከቧንቧ ይቀዳል። ሦስቱን የሚያገናኝ ቃል ተገኘ ማለት ነው። ከስም ይልቅ ግስ ላይ የምንደክመው በምክንያት ነው፤ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ መንታው ቃል ቤት መምቻው ላይ ይወድቃል። አድማጭ ስንኙ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ኋላ ዞሮ የሚነቃው።

ልኩን የወል ቤት በሚባለው የግጥም ምጣኔ፣ ስድስት በስድስት ቀለም ብናደርገው፦

ስለ ውሃው ችግር ተጠርቶ እንግዳ፣
ባዳራሹ መሃል ስንት ነገር ተቀዳ።

ሰሙ ግብዣ ነው፦ እንግዳ መጣ፣ መጠጥ ተቀዳ። ከሥሩ ካሜራው አለ። ከዚያም በታች ያልተቀዳው ውሃ አለ፤ እሱ በስንኙ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተነገረም፣ ግን አንባቢው የሚሄደው ወደዚያ ነው። እዚህ ላይ በጣም ልብ በሉልኝ የምለው «ተቀዳ» የሚለውን ቃል ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ያለውን «ነገር» ነው። «ስንት መጠጥ ተቀዳ» ብትሉ ካሜራው ይወጣል። «ስንት ንግግር ተቀዳ» ብትሉ ብርጭቆው ይወጣል። «ነገር» ዕቃም ወሬም ስለሆነ ሁሉንም በሩን ከፍቶ ያስገባል። ኅብር የሚሠራው መንታው ቃል ብቻውን ሆኖ ሳይሆን ጎረቤቱ ገለልተኛ ሲሆንለት ነው። ጀማሪዎች ቃሉን ያገኙትና ጎረቤቱን ያበላሹታል።

ሌላው ብልሽት ሦስተኛ ስንኝ መጨመር ነው። «ቤታችን ግን ደርቋል ጋኑም እንስራው ጓዳ» ዓይነት ነገር ከተከተለ አለቀ፤ ወርቁን አውጥቶ ሰሙ ላይ ማስጣት ነው። «እንግዳ» የሚለውንም ወደ «ሹማምንት» መለወጥ ያጓጓል። እዚያ ላይ ሰሙ ይሰነጠቃል፤ ስለ ግብዣ ለሚያወራ ሰው «ሹማምንት» የሚል ቃል ምን አመጣው? ሰም የሚባለው ብቻውን ቆሞ ማንም ሰው በቡና ላይ ሊናገረው የሚችል ዓረፍተ ነገር ሲሆን ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ምንም ሳትነግሩት ለአንድ ሰው አንብቡለትና «ስለ ምንድን ነው?» በሉት። «ስለ ስብሰባ» ብሎ ጥቂት ቆይቶ ፈገግ ካለ ልኩ ተገኝቷል። ወዲያው «ስለ ውሃ ነዋ!» ካለ በጣም ገልጣችኋል። ቆይቶም ምንም ካላለ፣ ደግማችሁ አታስረዱት፤ ስንኙን ቀይሩት።

ምፀት፣ ከነአደጋው

በምፀት ቃሉ የያዘው አንድ ትርጉም ብቻ ነው፤ የሚገለበጠው የተናጋሪው አቋም ነው። አሽሙር የሚነካው ሰው እዚያው ቆሞ እያለ በጎን የሚወረወር ነው። ስላቅ ደግሞ ከሁለቱም ይመርራል፣ ማቁሰሉን አይደብቅም። ለረጅም ጽሑፍ የሚሆነው ምፀት ነው፤ ስላቅ ከሁለት አንቀጽ በላይ ሲሄድ አንባቢ ለተሳለቀበት ሰው ማዘን ይጀምራል።

አንድ ናሙና፦

«በቀበሌያችን የውሃ አገልግሎት በእጅጉ ተሻሽሏል። ድሮ ውሃ በስንት ሰዓት እንደምትመጣ ስለማናውቅ ሌሊቱን ስንባንን እናድር ነበር። ዘንድሮ እንደማትመጣ ስለምናውቅ ለጥ ብለን እንተኛለን።»

የምስጋናው ሰዋስው አልተነካም። «ድሮ» እና «ዘንድሮ» እንደማንኛውም የሥራ ሪፖርት ተነጻጽረዋል፤ መሻሻሉም እውነት ነው፣ እንቅልፍ ተሻሽሏል። የተበላሸው መለኪያው ብቻ ነው። ምፀት በውሸት አይሠራም፤ እውነተኛ ነገር አንስቶ በተሳሳተ ሚዛን ያስቀምጠዋል። «ውሃችን ሞልቶ ይፈሳል» ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ ውሸት ብቻ ነበር፤ ማንንም አይወጋም።

ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የራሳችን ምልክት አለን፤ ትእምርተ ስላቅ ይባላል፣ ቃለ አጋኖን ገልብጦ የሚጻፈው ¡ ነው። ብዙ ቋንቋዎች የሌላቸውን ነገር ይዘን መቀመጣችን ደስ ይላል። ግን አትጠቀሙበት። ምልክቱን ያየ አንባቢ ከማንበቡ በፊት ምን እንደሚጠበቅበት ተነግሮታል፤ ክፍተቷ ተደፈነች። ከሳቅ ፊት ኢሞጂም ያው ነው።

አደጋው ወዲህ ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ሕግ ሳንሱርን እስኪያስቀር ድረስ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት መርማሪ ያነበው ነበር፤ ጸሐፊው የሚደክመውም መርማሪው ሳይገባው አንባቢው እንዲገባው ነበር። ዛሬ ጭንቀቱ ተገልብጧል። ምፀታችሁ ከአንቀጹ ተቆርጦ በስክሪንሾት ሲዞር የሚያነበው ሰው ከምሩ መስሎት ሊሰድባችሁ፣ ወይም ከምሩ መስሎት ሊያጨበጭብላችሁ ይችላል። መድኃኒቱ ምስጋናውንና የሚያፈርሰውን ማስረጃ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማሰር ነው። ከላይ ያለው ናሙና በዚህ በኩል ጉድለት አለበት፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ቢቆረጥ ጉድ ነው። «የውሃ አገልግሎታችን ተሻሽሎ እንደማትመጣ በእርግጠኝነት አውቀን መተኛት ጀመርን» ቢባል ዜማው ይቀንሳል፣ ግን አይቆረጥም። ለመጽሔት የመጀመሪያውን፣ ለፌስቡክ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ምፀት ከሚበላቸው ምግቦች ሁሉ የሚጣፍጠው የሪፖርት አማርኛ ነው። «ክፍተቶች ተስተውለዋል»፣ «ከማድረግ አኳያ»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፤ በእነዚህ ሐረጎች ውስጥ ሁሉም ነገር ይደረጋል፣ አድራጊ ግን የለም። ይህን ቋንቋ ለመተቸት «ቢሮክራሲ» ብሎ መጮህ አያስፈልግም። ሐረጉን እንዳለ ውሰዱና ቃል በቃል አምናችሁ ተከተሉት፦ «ባለፈው ዓመት አቅጣጫ ተቀምጧል፤ የተቀመጠበት ቦታ ግን እስካሁን እየተፈለገ ነው።» አንዱ ከበቂ በላይ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አምስት ሐረግ እንዲህ ከገለበጣችሁ አንባቢ ስለ መሥሪያ ቤቱ ረስቶ የእናንተን ብልጠት መቁጠር ይጀምራል።

የማያውቅ ሰው ጥያቄ

ድሬዳዋ ከዚህ ዘይቤ ጋር የቆየ ዝምድና አላት። ስለ አገር አስተዳደር በግልጽ ከጻፉት ቀደምት ምሁራን ሁለቱ፣ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ በተለያየ ጊዜ የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የጉምሩክ ሹም፣ ነበሩ። ገብረ ሕይወት መንገዱ ቀጥታ ነው፦ ምክንያት፣ ውጤት፣ ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸር፣ ለገዥው ምክር። ዘይቤ ብዙም አያበዛም፤ ጥንካሬው ሒሳቡ ላይ ነው። አፈወርቅ ግን በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ለውጭ አገር መንገደኞች ባዘጋጀው የፈረንሳይኛና የአማርኛ መማሪያ ውስጥ ትችቱን በመንገደኛና ባገሬው ሰው ንግግር ውስጥ ሸጉጦታል። ቋንቋ ማስተማሪያ ነው፤ ማን ይጠረጥራል? መንገደኛው ይጠይቃል፣ ያገሬው ሰው ይመልሳል፣ በመልሱ ውስጥ የአስተዳደሩ ገመና ይወጣል። አፈወርቅ በኋላ ራሱ የጉምሩክ ሹም መሆኑ ደግሞ የታሪክ ምፀት ነው፤ በዚህ ላይ ምንም መጨመር አያስፈልግም።

ዘዴው ዛሬም ይሠራል፣ ያውም ቀላል ነው። ጠያቂው የማያውቅ ይሁን፤ እንግዳ፣ ሕፃን፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ። መላሹ ደግሞ ነገሩን የለመደው፣ የማይደንቀው ሰው ይሁን። ቁጣ ከሁለቱም አፍ አይውጣ። አንድ እንግዳ የባጃጅ ሹፌር ሲጠይቅ እንስማ፦

— አቦ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሊገዛ ነው የተሰለፈው?
— ሊገዛ አይደለም፣ ሊጠይቅ ነው።
— ምን ሊጠይቅ?
— ሠራተኛው ዛሬ ይገባ እንደሆነ።
— ሠራተኛውስ የት ሄዶ ነው?
— ተሰልፎ። እሱም ሌላ ቢሮ ጉዳይ አለው።

የባጃጅ ሹፌሩ አልተማረረም። ቢማረር ኖሮ አንባቢው ከሱ ጋር ተማርሮ ይወጣለት ነበር፤ ስላልተማረረ ንዴቱ አንባቢው ላይ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጠያቂው መጨረሻ ላይ «እንዴት እንዲህ ይሆናል! ሕዝብን ማገልገል...» ብሎ ሲነሳ ነው። ያ ንግግር የጸሐፊው ነው፣ አፉም ያስታውቃል።

ጅብን ሐረር ላይ አታሞኙት

በአውሬ አፍ መተቸት በአገራችን የዘመናዊ ተውኔት መነሻ ነው ማለት ይቻላል። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ፋቡላ የተባለውን ኮሜዲያ የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሐረር በራስ መኮንን እጅ ያደጉ፣ በኋላም የጨርጨር ገዥ የነበሩ ሰው ናቸው። መነሻቸው የላ ፎንቴን ተረቶች ነበሩ። አውሬዎቹ መድረክ ላይ ሲወጡ ቤተ መንግሥቱ ግን ራሱን አየ፤ ተውኔት ለጊዜው ታገደ። አውሬው ማንንም በስም አልጠራም፤ የከለከሉት ሰዎች ናቸው ራሳቸውን የጠሩት።

የአውሬ ተረት ስትጽፉ ዋናው ጥያቄ አንባቢያችሁ ስለዚያ አውሬ አስቀድሞ ምን ያምናል የሚለው ነው። የደጋው ተረት ጅብ ሆዳም፣ ሞኝና ፈሪ ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲባል ሰው የሚስቀው ለዚህ ነው። ይህን ጅብ ይዛችሁ ሐረር ግቡ እንግዲህ። ሐረር ያውቁታል፤ ቁርበቱም ይነጠፍለታል። የጁገል ግንብ ለጅብ መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ አለው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ በስሙ እየተጠራ ከሰው እጅ ይጎርሳል። በአሹራ ገንፎ ይቀርብለታል፣ የዓመቱ ዕድልም ከአበላሉ ይታያል። ስለዚህ ሆዳም ባለሥልጣንን በጅብ መስላችሁ ብትጽፉ የደጋው አንባቢ ሲስቅ የሐረሩ አንባቢ «ጅቡ ምን አደረገ?» ይላል፤ ልክ ነው።

ግን እዚያው ላይ ሌላ የተሻለ ነገር ተቀምጧል፦ «ከግንቡ ውጭ ጅቡ ስሙ እስኪጠራ ቆሞ ይጠብቃል። ከግንቡ ውስጥ ስሙ ያልተጠራው ቀድሞ ይገባል።» አውሬው እንደ ተረቱ ሳይሆን እንደ ኑሮው ገባ፤ ሰውየው በሱ ተለካ። ወረፋ የሚለው ቃል የለም፤ ጉቦ የሚለውም የለም።

ከአውሬ ተረት ብልሽቶች ሁሉ የከፋው ሰንጠረዥ ነው። አንበሳ እገሌ፣ ቀበሮ እገሌ፣ አህያ ሕዝብ ተብሎ በሁለት ረድፍ መሙላት ከተቻለ ተረቱ ሞቷል። ቀበሮው የራሱ የሆነ ነገር ይፈልግ፤ ይራበው፣ ይቁረጠው፣ ይፍራ። አህያውም ሁልጊዜ ንጹሕ አይሁን፤ ሕዝብ ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነበት ተረት ሽንገላ ነው።

የእብድ አፍና የሰው ስም

ለአውሬ ቅርብ የሆነው ሌላው መሸሸጊያ እብድ ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ካሣ ዳምጤ የተማረ ሰው ነው፤ አገሬው ግን ጉዱ ካሣ ይለዋል፣ እብድ ነው ይላል። አሠራሩ ድንቅ የሚሆነው ከሁሉም ይልቅ በሥርዓት የሚያስበው እሱ ራሱ በመሆኑ ነው። አንባቢ ምርጫ ውስጥ ይገባል፦ ወይ ይህ ሰው እብድ አይደለም፣ ወይ የባላባቱ ሥርዓት ጤነኛ ነው። ሁለቱንም መያዝ አይቻልም። ልጥፉን የለጠፈበት ማኅበረሰቡ ነው እንጂ ጸሐፊው አይደለም፤ አስመሳዮች የሚስቱት ይህንን ነው። እነሱ እብዱን በእውነት እብድ ያደርጉትና መሃል ላይ ድንገት ጥቅስ ያናግሩታል። ንግግሩ ሲረዝም ደግሞ ከባድ ነው። ጉዱ ካሣም ቢሆን አንዳንድ ቦታ ያረዝማል፤ የሚያድነው ፊቱ ተቀምጦ የሚሰማው ሰው መኖሩ ነው። ብቻውን ለሚለፈልፍ እብድ ከአሥር መስመር በላይ አትስጡት።

አቤ ጉበኛ በ1955 «አልወለድም» በተባለው ልብ ወለዱ የሄደው ከዚህም አልፎ ነው፤ ተናጋሪው ገና በማኅፀን ያለ ፅንስ ነው። ገና ያልበደለ፣ ያልተበደለም፤ ወገን የለህም እንጂ ወገንተኛ ነህ አይባልም። መጽሐፉ መታገዱም ተናጋሪው ማን ቢሆን የሚያመው ሰው እንደሚያመው ያሳያል።

ስም አወጣጥ ላይ ጥቂት ልበል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ «አዲስ ዓለም» በተባለው ልብ ወለዳቸው ውስጥ ከፈረንሣይ ተምሮ የመጣውን ወጣት አወቀ ብለው ሰየሙት፤ በ1925 ይህ ይሄድ ነበር። ዛሬ «አቶ ጉቦ በላይ» ብሎ መጻፍ ግን የትምህርት ቤት ድራማ ነው። የሚሻለው ተራ ስም ወስዶ ታሪኩ ራሱ እንዲቀሰቅሰው መተው ነው። መዝገብ ቤት ተቀምጦ «ነገ ና» የሚለው ሰው አቶ አስቻለው ቢባል ማንም አይነቃም፤ ባለጉዳዩ ለአምስተኛ ጊዜ ተመልሶ «አስቻለው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ስሙ ብቻውን ይናገራል። ርዕስም እንዲሁ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ወንጀለኛው ዳኛ በሁለት ቃል አያዎን፣ የሚቃረኑ ነገሮችን ማጣመሩን፣ ሠርቶ ጨርሷል፤ ገና ሽፋኑ ላይ አንባቢው ማን ማንን ይፈርዳል እያለ ይገባል።

መውጣትና መውደቅ

ግነት ብቻውን ጩኸት ነው፤ ደረጃ ሲኖረው ግን ይሠራል። በርጫን፣ ያንን የከሰዓት በኋላ የመቃም ሥርዓት፣ የሚነካ አንድ ዓረፍተ ነገር እንይ፦

«ስምንት ሰዓት ላይ ሱቅ ከፈቱ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋብሪካ ተከሉ፤ አሥር ሰዓት ላይ ባቡሩን እስከ ሞምባሳ ዘረጉት፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የባጃጅ ሃያ ብር ተበዳድረው ወደየቤታቸው ገቡ።»

ሰዓቱ የማይዋሽ መሰላል ነው፤ ድሬ ላይ ሱቅ ተዘግቶ ከተማው ጥላ ውስጥ የሚገባበት ሰዓት መሆኑን ማንም ያውቃል። በየደረጃው የሚያድገው ዕቃ ነው፦ ሱቅ፣ ፋብሪካ፣ የባቡር ሐዲድ። አራተኛው ላይ በድንገት ትንሿ ገንዘብ ትመጣለች። ሦስት መውጫ፣ አንድ መውደቂያ። አምስት መውጫ ካደረጋችሁ አንባቢ ውድቀቱን ቀድሞ ያየዋል፤ ሁለት ካደረጋችሁ ከፍታው አይሰማም። ሁሉም ግስ በኃላፊ ጊዜ መሆኑም አለ፤ «ሊከፍቱ አሰቡ» ቢባል ኖሮ ምርቃና መሆኑ ይነገር ነበር፣ «ከፈቱ» ሲባል ግን ከነሱ ጋር ሆነን እንመረቅናለን። ጫት የሚለው ቃል የትም የለም። «ወጣቱ በሱስ ተጠምዶ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ስንት ጊዜ ተጽፏል? ይህን ያነበበ ወጣትስ ማን ነው? (መልስ የማይሻ ጥያቄም ዘይቤ ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ከሁለት በላይ አትጠይቁ። የእኔ አለቀ።)

ዘይቤ የማይገባበት ቦታ

የድሬው ወንዝ ደቻቱ ሲደርቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። በ1998 ክረምት ሌሊት ላይ የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ስለዚህ ነገር ሲጻፍ አንዳንዱ «ደቻቱ ሆይ! ለምን ጨከንሽ?» ይላል። ይህ እንቶኔ የሚባለው፣ የማይሰማን ነገር እንደሚሰማ አድርጎ የሚጠራ ዘይቤ ነው፤ ያምራል፤ ግን ለወንዙ የተሰጠው ጭካኔ ከሰው ላይ ተነሥቶ ነው። ወንዝ ከተጠየቀ በወንዝ ዳር ቤት ማን እንደፈቀደ፣ ተራራው ለምን እንደተራቆተ፣ ማስጠንቀቂያ ለምን እንዳልነበረ አይጠየቅም። ሰውኛም እንቶኔም ተጠያቂውን ወደ ተፈጥሮ ሲያሸሹ ትችቱን ይገድሉታል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያዋጣው ደረቅ ዝርዝር ነው፦ ሰዓቱ፣ የውሃው ከፍታ፣ የቤቱ ርቀት፣ ማን ምን ፈርሞ ነበር። ምፀትም ካስፈለገ በፈራሚው ላይ ብቻ ይውረድ፣ በሞተው ሰው አጠገብ አይለፍ።

የሰው አማርኛ

ድሬ ላይ አንድ ሰው «ዋሪያ» ብሎ ጠርቶ በኦሮምኛ ሰላም ብሎ በአማርኛ ይከራከራል። ይህን የሰማ ጸሐፊ ፈተና ውስጥ ይገባል፦ ገጸ ባሕርይውን አማርኛ አሰባብሮ ቢያናግረው ሳቅ በነፃ ይገኛል። ይገኛል፣ ግን ሳቁ ምላሱ ላይ ያርፍና የተተቸው ድርጊት በጓሮ በር ይወጣል። ከዚያም በላይ የሚስቀው አንድ ወገን ይሆናል፣ ሌላው ያኮርፋል፤ ያኮረፈው ደግሞ ምናልባት ከሁሉ ይልቅ ከእናንተ ጋር የሚስማማው ነበር። በመድረክ ላይ ግጥም ሲነበብ ይህ በጣም ይታያል፤ አዳራሹ በሁለት ይከፈላል።

የከተማውን ቋንቋዎች ማስገባት ካስፈለገ ምላሱን ሳይሆን አጠቃቀሙን አሳዩ። ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ላይ የተጻፈ አንድ ምሳሌ፦

«የታይዋን ነጋዴ በአራት ቋንቋ ‹ወንድሜ› ይላል፤ ‹ቀንሻለሁ› የሚለውን ግን በአንዱም አልተማረውም።»

ነጋዴው ከየት ወገን እንደሆነ አልተነገረም፤ ቋንቋ ማወቁም እንደ ሙያ ተቆጠረለት እንጂ አልተነቀፈም። «በአራት» የሚለው ቁጥር ደግሞ የግድ ነው። «በብዙ ቋንቋ» ቢባል አንባቢ ዝም ብሎ ያልፋል፤ አራት ሲባል ግን የትኞቹ እንደሆኑ በጣቱ መቁጠር ይጀምራል፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ የራሱን ቋንቋ ያገኛል፣ ባለፈው ሳምንት ጫማ የሸጠለትንም ሰው።